ያልተላከው ዝርዝር

ጂንጃ፣ ኡጋንዳ
ጥር 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሰገነት፣ ለእማማ ወለተ ማርያም ልጅ፤

እንደምን ሰንብተሻል? የእማማ ጉልበት እንዴት ሆነ? ልጆችሽስ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦችሽስ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነኝ፤ የሐይቁ ትንኝ ብቻ ነው ያልተስማማኝ።

ምናልባት ከረሳሽኝ፣ ኖላዊ ነኝ። የእናትሽ እናትና የአባቴ እናት እህትማማቾች ናቸው። ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው በእማማ ወንድም ተዝካር ላይ ይመስለኛል፤ አንቺ የተዋስነውን ሳህን እየቆጠርሽ ትመዘግቢ ነበር። አሁንም መዝገብ ቤት እንደምትሠሪ ሰምቼ አልገረመኝም።

የምኖርባት ከተማ ጂንጃ ትባላለች። ከጂንካ የሚለያት አንድ ፊደል ነው፤ ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ዞሮ ወደ እኔው እንዳይመጣ «ኢትዮጵያ» የሚለውን በቀይ እስክርቢቶ ጽፌዋለሁ። የምሠራው የዓሣ ጫጩት በሚራባበት ጣቢያ ነው። አምስት ዓመት ገንዳ አጥቤያለሁ፣ እንቁላል ለይቻለሁ፣ ውኃ ለክቻለሁ። ባለፈው ወር የጣቢያው ኃላፊ ለቀቀ፤ አለቃችን ኦኬሎ ደግሞ ቦታውን ለእኔ መስጠት ይፈልጋል። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኦርጅናል ዲግሪዬን።

ኦርጅናሌ የለኝም። ዩኒቨርሲቲው «የወጪ መጋራት ዕዳህን አልከፈልክም» ብሎ ይዞታል። እኔ ግን ዞልማ ወረዳ ባዮሎጂ ባስተማርኩባቸው ስምንት ዓመታት፣ ከ2001 እስከ 2008፣ በየወሩ ከደመወዜ ይቆረጥ ነበር። የወረዳው ፋይናንስ ይህንኑ በደብዳቤ ቢያረጋግጥልኝ ያበቃል። ስልክ ደወልኩ፣ የሚያነሣ የለም። ሰው ላክሁ፣ ነገ ተባለ። አንቺ የመሥሪያ ቤት አሠራር ታውቂያለሽ፤ ከዘመድ ሁሉ አንቺን መርጬ መጻፌ ለዚህ ነው። የመኪናሽን ገንዘብ እልካለሁ። ኦኬሎ ቦታውን እስከ ሰኔ መጨረሻ ይጠብቅልኛል።

እማማንና ልጆችሽን አንድ በአንድ ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ኖላዊ


ጂንካ
የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኖላዊ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እማማ ጉልበቷን ብትታመምም ቤተ ክርስቲያን መሄዷን አልተወችም፤ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና «የዓሣ አባት ሆነ?» ብላ ሳቀች።

ቀይ እስክርቢቶህ ብዙም አልረዳም። ፖስታው አንድ ወር ከምናምን ፈጅቷል። ከእንግዲህ በወረቀት ጽፈህ ፎቶውን ለልጄ ለጸሎት በስልክ ላክላት፤ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። ስልክ ላይ መጻፍ አይሆንልኝም፤ ሐሳቤ ይቆራረጥብኛል።

ዞልማ ሄጄ ነበር። ማክሰኞ መሄዴ ስሕተት ነው፤ የአልዱባ ገበያ ቀን ስለሆነ ሚኒባሱ ውስጥ ከሰው ይልቅ ማሰሮና ማር ነበር የሚበዛው። አሁን ፋይናንሱን የምትመራው ወይዘሪት ሚስጥር የምትባል ወጣት ናት። ጨዋ ልጅ ናት፤ አስቀምጣ አነጋገረችኝ። ከ2009 ወዲህ ያለው ሁሉ በኮምፒውተር ነው፣ ከማን ስንት እንደተቆረጠ በየዓመቱ ለገቢዎች ይላካል። ከዚያ በፊት ግን «ከዚህ ወረዳ የተላከ የስም ዝርዝር የለም» አለችኝ። ገንዘቡ ተቆርጦ ከሆነም የማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ስለሌለ፣ በስምህ አልተያዘም። አሮጌው ፔሮል ዕቃ ግምጃ ቤት ተከምሯል፤ ፈቃድ ካገኘሁ ገብቼ እፈልጋለሁ።

የመኪና ገንዘብ እንዳትልክ። ዘመድህ ነኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፖስታው ላይ ስሜን በአባቴ ሳይሆን በእናቴ ጻፍክ። ቤቴ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ሰላምታ ላክህ፣ ለአባቴ ግን አልላክህም። አባቴ ሸዋንግዛው ዞልማ ፋይናንስ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቶ በ2010 ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ስምንት ዓመት ደመወዝህን የቆጠረልህ እሱ ነው። ረስተኸው ነው?

ሰገነት ሸዋንግዛው


ጂንጃ
የካቲት 30 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሰገነት፤

ጤና ይብዛልሽ። ለደከምሽው ድካም አምላክ ዋጋሽን ይክፈልሽ።

ፔሮሉን ለማግኘት ብዙ እንዳትንገላቺ። አቅቶሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ እዚህ ጥቂት አጠራቅሜያለሁ፣ ደግሜ ልክፈልና ይለቅቁኝ ብዬ ማሰብ ጀምሬያለሁ። ሆዴ ግን እሺ አይለኝም። ደግሜ ከከፈልኩ ያን ስምንት ዓመት አልከፈልኩም ብዬ በገዛ እጄ መፈረሜ ነው። በወባ ተይዤ እየተንቀጠቀጥኩ ያስተማርኩበት ወር አለ፤ ከዚያ ወርም ተቆርጧል።

እዚህ ዝናብ ጀምሯል። ትናንት አርባ ሺህ ጫጩት ለአንድ ማኅበር አስረከብን።

ስለ ሌላው ጥያቄሽ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ኖላዊ


ጂንጃ
ግንቦት 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

እህቴ ሰገነት፣ ደኅና ነሽ? ሁለት ወር ሙሉ ዝም አልሽ። ለጸሎት መልእክት ብልክላት «እማዬ ደኅና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው» አለችኝ። ተቀይመሽኝ ከሆነ ንገሪኝ። ሰኔ እየደረሰ ነው።

ኖላዊ


ጂንካ
ሰኔ 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለኖላዊ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ሥራ አልበዛብኝም። ልጄን ዋሽቼ አስዋሸኋት።

ፔሮሉን ያገኘሁት መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። የስምንቱም ዓመት አለ፣ በየዓመቱ በሲባጎ ታስሮ። በየወሩ ስምህ አለ፣ ከስምህ ትይዩ «ወጪ መጋራት» በሚለው ዓምድ የተቆረጠው አለ፣ ከዚያ ፊርማህ። አንዱ ወር ላይ ፊርማህ ተንጋድዷል፤ የወባው ወር ይመስለኛል። የእያንዳንዱ ወር ድምር ለመንግሥት ካዝና ገቢ የሆነበት ደረሰኝ ከሥሩ ተሰፍቷል። ያልተላከው የስም ዝርዝሩ ብቻ ነው። ገንዘቡ ሄደ፣ የማን እንደሆነ ሳይነገር። ዝርዝሩን መላክ የነበረበት ሰው ስም በየገጹ ግርጌ ተጽፏል። የእጅ ጽሑፉን ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ክምሩን ወደ ቦታው መለስኩና ቤቴ መጣሁ። እውነቱን ልንገርህ፤ «ፈልጌ አጣሁ» ብዬ ልጽፍልህ ወረቀት አውጥቻለሁ። ቀኑን ጻፍኩ፣ ሰላምታውን ጻፍኩ፣ ከዚያ አልሄድልህ አለኝ። ከአባቴ ጋር አንድ ገበታ ላይ እየበላሁ ሁለት ወር አለፈ። ያለፈው ቅዳሜ ወደ ገበያ ሊሄድ ጫማውን ሲያስር፣

«አባዬ፣ የዞልማ መምህራን የወጪ መጋራት ዝርዝር የት ደረሰ?» አልኩት።

ማሰሩን ተወው። «ማን ጠየቀሽ?»

«ኖላዊ። የእማማ አክስት የልጅ ልጅ።»

«ሌባ ነው አለሽ?»

«ስምህንም አላነሣም።»

ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ነገረኝ። በ2001 ዝርዝሩን ጽፎ ልኮ ነበር። ገቢዎች ግን በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ቅጽ አያይዘው «በዚህ ተሞልቶ ይቅረብ» ብለው መለሱለት። አባዬ ስድስተኛ ክፍል ነው የደረሰው፤ በተላላኪነት ተቀጥሮ፣ ሒሳብ ከደመወዝ ከፋዮች አጠገብ ቆሞ ነው የተማረው። ቅጹን ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። በዓመቱ የሁለት ዓመት ሆነ፣ ከዚያ የሦስት። እየቆየ ሲሄድ ለምን እስካሁን ብለው ይጠይቁኛል ብሎ ፈራ።

«ቢሮው ውስጥ የተማሩ ልጆች ነበሩ፣ ለምን አላስነበብካቸውም?» አልኩት።

«እኔ ሒሳብ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው፣ ሰጊ። ይህን አንብቡልኝ ልበላቸው?»

ከዚያ ያንተን ነገር ነገረኝ። ሰኔ 2008፣ የደመወዝ ቀን፣ ሰው ሁሉ ተሰልፎ እያለ፣ ለማስተርስ ያገኘኸው ዕድል በዚህ ወረቀት ምክንያት እንደተቃጠለ ስትሰማ ጠረጴዛውን መትተህ «ሌባ! የድሃ አስተማሪ ገንዘብ የምትበላ ሌባ!» ብለኸዋል። እሱ አንድ ቃል አልመለሰልህም።

«ለምን ዝም አልክ? አንድ ሳንቲም አልነካህም እኮ» አልኩት።

«ሌባ አለመሆኔን ላስረዳ ስጀምር እንግሊዝኛ አለማወቄን ልናገር ነው። ሌባ መባሉ ቀለለኝ» አለኝ።

እንግዲህ ያለውን ሁሉ ጻፍኩልህ። ያሻህን አድርግ።

ሰገነት


ጂንጃ
ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለክብርት እህቴ ለሰገነት ሸዋንግዛው፤

ደብዳቤሽን ገንዳዎቹ ዳር ተቀምጬ አነበብኩት። የመመገቢያ ሰዓት አለፈብኝ፤ ከጣቢያው ሠራተኞች አንዱ መጥቶ ባልዲውን ከእጄ ወሰደ።

አሁን የእኔ ተራ ነው። የማን ልጅ እንደሆንሽ አውቅ ነበር። ከዘመድ ሁሉ አንቺን የመረጥኩት መዝገብ ቤት ስለምትሠሪ ብቻ አይደለም፤ ፔሮሉን አግኝተሽ አባትሽ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ በገዛ ዓይንሽ እንድታዪ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌባ ናቸው ብዬ አምኛለሁ። ገንዳ ባጠብኩ ቁጥር የሚታየኝ የእሳቸው ዝምታ ነበር። ዝምታቸውን እንደ ማመን ቆጥሬው ነበር። አንቺን እንዲህ ላለ ነገር መጠቀሜ አሳፍሮኛል። ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ለጋሽ ሸዋንግዛው ይህን ንገሪልኝ፤ ኖላዊ እጅ ነሥቷል፣ ያን ቀን የተናገረው ቃል ውሸት እንደነበር አሁን ያውቃል፣ ይቅር ይበሉት። የማስተርሱ ነገር አሁንም ይቆጨኛል፤ አይቆጨኝም ብልሽ ዋሸሁ። ግን እሱና ያ ቃል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እናም አንድ ሐሳብ አለኝ። ለእኔ ብቻ አንድ ደብዳቤ ወይዘሪት ሚስጥር ትጻፍልኝ፤ የአባትሽ ስም አይነሣ። ዝርዝሩ ለምን አልተላከም የሚል ጥያቄም አይምጣ። ጡረተኛን ሰው በዚህ ዕድሜያቸው ቢሮ ለቢሮ ሲጠሩ ማየት አልፈልግም። ኦኬሎን አነጋግሬዋለሁ፤ እውነቱን ነገርኩት፤ እስከ ታኅሣሥ በተጠባባቂነት ሥራውን ያዝ ብሎኛል።

ለእማማ፣ ለአባባ፣ ለልጆችሽ ጤና እመኛለሁ።

ኖላዊ


ጂንካ
ጥቅምት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኖላዊ፤

አዲሱ ዓመት የሥራህ ይሁንልህ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እማማ አጠገቤ ተቀምጣ «እንዲህ በይው፣ እንዲህ በይው» እያለች ታስቸግረኛለች። ብዙ የምጽፈው አለኝ፤ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ በዚህኛው ጊዜ እውነቴን ነው።

ደብዳቤህን ለአባዬ አነበብኩለት። ይቅርታህ ጋ ስደርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ «እኔም ዕድሉን አቃጥዬበታለሁ፤ እኩል ነን በይው» አለ። ለአንተ ብቻ ደብዳቤ ይጻፍ የሚለው ጋ ስደርስ ግን አቋረጠኝ።

«ለእሱ ብቻ?»

«እሱ እኮ ነው የጠየቀው፣ አባዬ።»

«ፔሮሉ ላይ አርባ አንድ ሰው አለ።»

በማግስቱ የበዓል ኮቱን ለብሶ ዞልማ ሄደ። እኔም ፈቃድ ወስጄ ተከተልኩት። ወይዘሪት ሚስጥር ስታየው ብድግ ብላ ወንበሯን ሰጠችው። አልተቀመጠም። ቢሮው ውስጥ ስድስት ሰው ነበር፣ ገሚሱን እሱ ነው ሥራ ያስለመደው። እንዲህ አላቸው፤

«ልጆች፣ የማላውቀውን እንግሊዝኛ የማውቅ መስዬ የአርባ አንድ ሰው ዝርዝር ስምንት ዓመት አስቀርቻለሁ። ቅጹን አንብቡልኝና ልሙላው።»

እኔ ወለሉን ነበር የማየው። ማንም የሳቀ የለም። ሚስጥር በሩን ገርበብ አደረገችና ወንበር ስባ አጠገቡ አስቀመጠችው። ቅጹን አወጣች። ምን እንዳለበት ታውቃለህ? የሰውየው ስም፣ የተመረቀበት ዩኒቨርሲቲ፣ የተቆረጠው ገንዘብ፣ ወሩ። አራት ዓምድ! አባዬ ሲተረጎምለት ሰማና «ይኸው ነው?» አለ። «ይኸው ነው ጋሼ» አለችው። ከዚያ ውጭ ወጥቶ ዛፍ ሥር ቆመ፤ ብቻውን ተውነው። ሲመለስ እጅጌውን ሰብስቦ ነበር።

ሰባት ሳምንት ሠሩ። እሱ ከፔሮሉ ያነባል፣ ሚስጥር ኮምፒውተር ላይ ታስገባለች። ቀለሙ የጠፋበት ገጽ ሲመጣ አባዬ በቃሉ ይሞላዋል፤ ያን ወር ማን ታሞ ነበር፣ ማን ተዛውሮ ነበር፣ ሁሉን ያስታውሳል፤ ከደረሰኙ ድምር ጋር ሲያስተያዩት ይገጥማል። ከዚያ ኦዲተሮች መጡ። ሦስት ቀን ቆጠሩ። እማማ ሦስቱንም ቀን እህል አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን ትልቁ ኦዲተር መዝገቡን ዘጋና፣ «ጋሽ ሸዋንግዛው፣ በስምንት ዓመት ውስጥ አምስት ሳንቲም አልጎደለም» አለው።

አባዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አምስት ሳንቲም ትርፍስ?»

«ትርፍም የለም።»

«እንደሱ በል» አለ።

ዝርዝሩ ሄደ፣ ገቢዎች ተቀበሉት፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከዕዳ ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ክሊራንስ መጣ። ባለፈው ዓርብ በዞልማ ትምህርት ቤት አዳራሽ ታደለ። ከአርባ አንዱ ሠላሳ ሦስቱ መጡ ወይም ወኪል ላኩ። ጅሩን ታስታውሰዋለህ፣ ካንተ ጋር ሒሳብ ያስተምር የነበረውን? አሁን ዱስ የምትባል መንደር ርዕሰ መምህር ነው፤ ሁለት ቀን ተጉዞ መጣ። ስሞቹን ያነበበው አባዬ ነው። የሰዉን ስም ጠርቶ ዝም አይልም፤ «አንተ ስትፈርም ገጽ የምትቀድ ነበርክ»፣ «አንቺ ወንበር ላይ የማትቀመጪ» እያለ አዳራሹን አሳቀው። ጅሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ፊርማዎቹን ልይ አለ፤ ፔሮሉን አሳዩት። «ይኼ እኔ ነኝ። ይኼም እኔ ነኝ» እያለ ስምንቱን ዓመት በጣቱ ሄደበት።

አብሯችሁ ያስተምር የነበረው ጸጋዬ አርፏል፣ ሰምተህ ይሆናል። ሁለት ዓመት ብቻ ነው የተቆረጠበት። ሚስቱ ዕዳው እኔ ላይ ይመጣል ብላ ከበር አልገባም አለች። ሚስጥር ወጥታ አነጋገረቻት፤ የከፈለው ተመዝግቦለታል፣ የቀረው በሞቱ ምክንያት ተሰርዟል። የእሱ ስም ሲጠራ ሴትየዋ ገብታ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለችና እልልታውን አቀለጠችው። ከዚያ በኋላ አዳራሹን ማን ይያዘው! መምህራኑ አባዬን ተሸክመውት ሲወጡ «ኮቴን! ኮቴን!» ይላል።

ሁለት ሰዎች አንተ ልታደርግ እንዳሰብከው ደግመው ከፍለው ነበር፤ የእነሱ ተመላሽ እንዲሆን ተጽፏል። ከዚህ ዓመት ጀምሮም ወረዳው ለሚቆረጥበት ሰው ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ስንት እንደተቆረጠበትና ለማን እንደተላከ የሚገልጽ ወረቀት ይሰጠዋል፣ በአማርኛ። ይህን ሐሳብ ያቀረበችው ሚስጥር ናት፤ የወረቀቱን ዓምዶች ያሰመረው አባዬ ነው። በዚህ ላይ ጎረቤት ወረዳዎች ሰነዶቻቸውን እንዲያይላቸው ጠርተውታል፣ በአበል!

ያንተ ክሊራንስ ለወኪልህ ለዘሩባቤል ተልኳል።

እማማ «እግዜር ዓሣህን ያብዛልህ» ብላለች።

እህትህ ሰገነት ሸዋንግዛው


ጂንጃ
ኅዳር 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰገነት፣ ለእማማ፣ ለአባባ ሸዋንግዛው፤

ይህን ደብዳቤ ሦስታችሁ አንድ ላይ ሆናችሁ እንድታነቡት እፈልጋለሁ። ሰገነት፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው።

ዘሩባቤል ዩኒቨርሲቲው ጋ ሄዷል። ሬጅስትራር መስኮት ላይ ያሉት ሴትዮ ክሊራንሱን አይተው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ከዞልማ ነህ?» አሉት። «አይደለሁም፣ ወኪል ነኝ፤ ባለቤቱ ግን እዚያ ያስተማረ ነው» አላቸው። «ምን ተፈጠረ እዚያ አገር?» አሉ። «ለዓመታት ከዞልማ አንድ ሰው መጥቶልኝ አያውቅም። በዚህ ሳምንት ብቻ አንተ ዘጠነኛ ነህ።» ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው ለጓደኛቸው «የዞልማን ፋይል አንድ ላይ አውጪልኝ፣ ገና ይመጣሉ!» አሏት።

ዘሩባቤል ይህን በስልክ ሲነግረኝ ገንዳዎቹ መካከል ቆሜ ጮኽኩ። ሠራተኞቹ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ሮጠው መጡ።

ዲግሪዬ ሐሙስ እጄ ገባ። ስሜ በአማርኛም በእንግሊዝኛም በትክክል ተጽፏል። ኦኬሎ አገላብጦ አየውና «ይኼን ሁሉ ጊዜ የት ነበር?» አለኝ። ታሪኩ ረጅም ነው አልኩት። «እንግዲህ ኃላፊ ስለሆንክ ጊዜ የለህም፣ አጠር አድርገህ ንገረኝ» አለኝና የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

በጥር ፈቃድ ወስጃለሁ። ጂንካ ሦስት ቀን እቆይና ዞልማ እወርዳለሁ፤ የድሮ ተማሪዎቼን ማየት እፈልጋለሁ። አባባ፣ እርስዎም አብረውኝ ቢመጡ ደስ ይለኛል። ማክሰኞ እንሂድ፤ ማሩን አልፈራውም።

እስክንገናኝ ድረስ ቤታችሁ በሳቅ ይሞላ።

ልጃችሁ ኖላዊ
የጂንጃ የዓሣ ጫጩት ማራቢያ ጣቢያ ኃላፊ